ከፊል እይታ

እህቴ ትርሲት የምትሠራው ከቴአትሩ ሥር ነው፣
ምድር ቤት ሁለተኛ፣ መኪና ከሚያድረው።
ትኬት ትሰጣለች፣ ትኬት ትቀበላለች፣
አምስት ወር ሙሉ ጣራውን ሰምታለች።
ምሽት ሁለት ከአምስት ሲል፣ ከበሮ፤
ከዚያ የእግር ናዳ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ እሮሮ፣
ከዚያ ጭብጨባው፣ ቆርቆሮ ላይ እንደ በረዶ፣
በኮንክሪቱ ሾልኮ እሷው ራስ ላይ ተንዶ።
«ላይ ቤት ሠርግ አለ» ትለኛለች፣ «እኔ ግን
የማውቀው የሙሽሮቹን ተረከዝ ብቻ ነው።»

ዋጋውን ጠየቅን። መቶ ሰማንያ ለአንድ ሰው።
በሁለት ብናባዛው የቤት ኪራይ አከለው፤
የአገልግሎት የሚሉት፣ የግብር፣ የምን የምን፣
ስልኬን በሆዱ አስተኝቼ «እንግዲህ ይቅርብን»
አልኳት። ትርሲት ግን ይቅርብንን አታውቅም፤
ጆሮ የለመደውን ዓይን ሳያይ አያርፍም።

ወረፋ ያስተማረችን ዶሎረስ ናት፣ ጡረተኛ፣
ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድታ ዛሬም የማትተኛ።
ታጣፊ ወንበሯን ከሻይዋ ጋር አንጠልጥላ፣
ራንዶልፍ ጎዳና ላይ ጎህ ሳይቀድ ተተክላ፣
«ቅዳሜን እርሱት፤ ቅዳሜ የባለ ገንዘብ ነው።
ረቡዕ ኑ። በረዶ ከጣለ ደግሞ እሰየው፣
ሰው ብርድ ሲፈራ ወረፋው ያጥራል።
ምሰሶ ጀርባ ካሏችሁ ውሰዱ፤ ምን ይጎዳል?
ምሰሶ አያስልም፣ ከረሜላ አይልጥም፣
በመሐል ተነሥቶ ሽንት ቤት አይሄድም።»

ሄድን። ረቡዕ ነበር። ከሐይቁ የመጣው ነፋስ
እንደ ዕዳ ጠያቂ ኪስ ለኪስ ሲዳብስ፣
ከፊታችን አሥራ አንድ ሰው። ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።
አንዱ ትኩስ ነገር ሊገዛ ከሰልፉ ሲወጣ፣
እግዜር ይቅር ይበለኝ፣
እንዳይመለስ ተመኘሁ።
ተመለሰ። ለሁላችን ገዝቶ፣ ለእኔም ጭምር፤
ከኩባያው ይልቅ የፈጀኝ ሐፍረቱ ነበር።

አራት ሰዓት ላይ መስኮቱ ተከፈተ። ደረስን።
«ሁለት ቀርተዋል» አለ ልጁ፣ ቀና ብሎ ሳያየን፣
«አንዱ ቀኝ ዳር፣ አንዱ ግራ ዳር፣ ሁለቱም ከምሰሶ ጀርባ።
ሠላሳ ሠላሳ ዶላር።» ትርሲትን ሳቅ ቀደማት፣ ከእንባ።

ማታ መብራቱ ሲጠፋ፣ እኔ በአንድ ጥግ፣ እሷ በአንድ ጥግ፣
መካከላችን ሁለት ሺህ ጭንቅላት፣ መካከላችን ሠርግ።
እኔ ሙሽራውን አየሁ፤ ካፒቴን ነው፣ የመርከብ፤
ግማሽ መርከብ፣ ግማሽ ባሕር፣ ግማሽ ጨረቃ፣ ግማሽ ሕዝብ።
እጁን ወደ ምሰሶው ሲዘረጋ አየሁ እንጂ
ማን እንደያዘው አላየሁም፤
ድንጋይ የሚያገባ ይመስል ነበር።
ደብዳቤ ጻፈ፣ አጠፈው፣ ወረወረው፣
ምሰሶው ዋጠው።

«እንለዋወጥ?» አልኳት፣ በዕረፍቱ ደረጃው ሥር ተገናኝተን።
«ምነው? ሙሽራዪቱን ትቼ?» አለች፤ ተለያየን።
ወለሉ መናጥ ሲጀምር፣ ፈረቃዋን የያዘላት ኤርኔስቶ
ይሰማናል አልኩ፣ ከእግሬ ሥር፣ ወደ ጣራው አንጋጦ።

በባቡር ስንመለስ መስፋት ጀመርን፣
የእኔን ቁራጭ ከእሷ፣ ጫፍ ለጫፍ እያጋጠምን።
«ደብዳቤውስ?» አልኳት፣ «አንቺ ጋ ደረሰ ወይ?»
«ደረሰ! የወረደ መስሎኝ ነበር ከሰማይ።»
ለእኔ የትም የሄደ፣ ለእሷ ከየትም የመጣ፤
«ሳቀች»፣ «አለቀሰ» ስንባባል የአንገታችን ሥር ወጣ።
መውረጃችንን አለፍነው። ሁለት ጣቢያ በኋላ፣
ብርድ ላይ ቆመን፣ አንድ ነገር ቀረን፣ መሐሉ ላይ የተበላ።
«በመጨረሻ ተሳሳሙ?»
«እኔም ጋ አልነበረም።» ትንሽ አሰበች።
«ጭብጨባው ግን ተሳሳሙ ይላል። እሱን ከታችም አውቀዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ቦታ ትደውልልኛለች፤
«አሁን ወረወረው፣ ስሚ!» ስልኩን ወደ ጣራው ታነሣለች።
እኔ የምሰማው የጎማ ፉጨት፣ የሚጮህ አውቶሞቢል፣
ደግሞ አንድ ሰውዬ፣ «ትኬቴ ጠፋኝ» የሚል።
«ሰማሽ?»
«ሰማሁ» እላለሁ።